ሻርክን በጆሮ መከታተል፦ ስለ ጋላፓጎስ የድምፅ ታጎች ጥያቄና መልስ

ስለ ጋላፓጎስ መዶሻ ራስ ሻርኮች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አልሰነፋችሁም። ሻርኮቹን የምንከታተለው ታግ በሚባል፣ ድምፅ በሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ሥራዬ ከባሕር ስር የሚወጣውን የድምፅ መረጃ ማጣራት ስለሆነ በምችለው ልመልስ። ጋላፓጎስ ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው። ከእኛም ጋር ትውውቅ አለው፤ በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ ጋላፓጎስ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በአንድ ዝርዝር ነው የገቡት። በዙሪያው ያለው ባሕር በ1998 ጥብቅ ክልል ሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምን ይህን ሁሉ ድምፅ አስፈለገ? ለምን ጂፒኤስ አታስሩበትም?

የሬዲዮ ሞገድ ጨው ውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። በሳተላይት መከታተል የሚሠራው እንስሳው ወደ ላይ ብቅ ሲል ነው። ኤሊ ለመተንፈስ ይወጣል፤ ሻርክ ግን ምን ቸገረው? ድምፅ ደግሞ ውኃ ይመቸዋል። በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አየር ላይ ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ዓሣው ላይ ጣት የሚያክል ታግ ይደረጋል። ታጉ በየአንድና ሁለት ደቂቃው ጥቂት ምቶች ያሰማል። ብዙዎቹ የሚሠሩት በ69 ኪሎ ኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 በላይ ስለማይሰማ አጠገቡ ብትዋኙ እንኳ ምንም አይሰማችሁም። የእያንዳንዱ ሻርክ መለያ ቁጥር ያለው በምቶቹ መካከል በሚቀረው ክፍተት ውስጥ ነው። ሁለት ሻርኮች እኩል ከጮሁ ግን ቁጥሩ ይምታታል። ለዚህ ሲባል የጩኸቱ ሰዓት ሆን ተብሎ ወጣ ገባ ይደረጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሁን ኮምፒውተርህን ከፍተህ ሻርኩ የት እንዳለ ታያለህ ማለት ነው?

አላይም። ፊልም ላይ እንደምናየው የምትንቀሳቀስ ቀይ ነጥብ የለችም። ከባሕሩ ወለል ጋር የታሰረ መቀበያ አለ፤ በር ላይ እንደተቀመጠ ዘበኛ ነው። ማን በስንት ሰዓት እንዳለፈ ይመዘግባል፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። የሚሰማውም ቢበዛ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ማዕበል ሲነሳና ጀልባ ሲያልፍ ያንሳል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ሌት ተቀን የሚንጣጡ ትንንሽ ሽሪምፖች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ጆሮውን ይደፍኑታል። መረጃው በእጃችን የሚገባው ጠላቂ ወርዶ መቀበያውን ሲያወጣ ነው። ባትሪው ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚቆይ ለወራት ምንም ሳናውቅ እንቀመጣለን። አንዳንዴ ጠላቂው ሲወርድ የሚያገኘው የተበጠሰ ገመድ ብቻ ነው። የዓመት መረጃ በአንድ ማዕበል ሄደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የምታስሩት? ምስኪኖቹን አታሰቃዩአቸውም? ልጄ ናት ጠይቂልኝ ያለችው።

ለልጅሽ እንዲህ በያት። መዶሻ ራስ ሻርክ በጣም ድንጉጥ ነው። በመንጠቆ ከተያዘ በጭንቀት ብቻ ሊሞት ይችላል። የአየር ታንክ ይዞ የሚወርድ ሰው የሚያወጣውን አረፋም ይሸሻል። ስለዚህ ያለ ታንክ፣ ትንፋሹን ይዞ የሚጠልቅ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ይወርዳል። አይዋኝም፤ ዝም ብሎ ወደ ታች ይሰምጣል። መንጋው ከበታቹ ሲያልፍ አንዱን ይመርጥና ከጀርባ ክንፉ ሥር ጫፏ ስል የሆነች፣ ታጉን የያዘች ትንሽ ማያያዣ ይወጋል። ሻርኩ ጭራውን አንዴ ይወረውርና ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ወደ መንጋው ይመለሳል። ማያያዣው ከጊዜ በኋላ በራሱ ይወልቃል።

እንደ ሻርክ ባልሆነ፣ አጥንት ባለው ተራ ዓሣ ላይ አሠራሩ ሌላ ነው። ዓሣው ማደንዘዣ ያለበት ውኃ ውስጥ ይገባል። ከማደንዘዣዎቹ አንዱ የቅርንፉድ ዘይት ነው፤ አዎ፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ። ሆዱ ላይ ትንሽ ይቀደድና ታጉ ገብቶ በአንድ ሁለት ስፌት ይዘጋል። ታጉ ከዓሣው ክብደት 2 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል የቆየ ልማድ አለ። ምንም አያማቸውም ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ጥያቄ፦ ታግ ያለውን ዓሣ ሌላ ዓሣ ቢበላውስ?

ታጉ ከበላተኛው ሆድ ውስጥ ሆኖ መጮሁን ይቀጥላል። አንድ ሰነፍ ዓሣ ድንገት እንደ ሻርክ መክነፍ ከጀመረ ነገሩ ገባን ማለት ነው። አሁን የሆድ አሲድ ሲነካው ምልክቱን የሚቀይር ታግ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ዶልፊንና አቆስጣ ይህን ድምፅ አይሰሙም?

ይሰማሉ። ስኮትላንድ ውስጥ በገንዳ በተደረገ ሙከራ አቆስጣዎች ታጉን ሰምተው ምግቡ ያለበትን ቦታ መለየት ተምረዋል። ትንንሽ ዓሣ ላይ ታግ የሚያደርግ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። እንደ ጎልማሳ መዶሻ ራስ ላለ ትልቅ ሻርክ ግን ብዙም አያሰጋም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ይህ ሁሉ ልፋት ምን አስገኘ? ሻርክ ይዋኛል የሚል ወረቀት?

ይህን የጠየቅከው ወንድሜ ነገር ታውቃለህ። መልሱ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ የመረጃውን መልክ ላሳይህ። አንድ መስመር ላይ ያለው ቀን፣ ሰዓት፣ የመቀበያው ቁጥርና የሻርኩ ቁጥር ነው። አለቀ። እንዲህ ያለ ብዙ ሺህ መስመር ይደረደራል። ከሰሜኖቹ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ዎልፍ ዙሪያ ከተቀመጡት መቀበያዎች የወጣው ሲደረደር አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየ። ሻርኮቹ ቀን ቀን የሚሰበሰቡት ባንድ ወገን ነው፤ የባሕሩ ጅረት መጥቶ ደሴቷን በሚመታበት በደቡብ ምሥራቅ በኩል። ሲመሽ መቀበያዎቹ ዝም ይላሉ። ሲነጋ ያው ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ማታ ማታ ወደ ክፍት ባሕር ወጥተው ይበላሉ፤ ቀን ደሴቷ ዳር ያርፋሉ። ይህን ስታውቅ ጥበቃህን ደሴቷ ዳር ብቻ ማድረግ እንደማይበቃ ይገባሃል። የሚጠመዱት ለመብላት በወጡበት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሩቅ ጉዞ ነው። የኮሎምቢያ ማልፔሎና የኮስታ ሪካ ኮኮስ ደሴት ዙሪያም ተመሳሳይ መቀበያዎች አሉ። የሦስቱ አገር ተመራማሪዎች መረጃ ይለዋወጣሉ። ማልፔሎ ላይ ታግ የተደረገበት አንድ መዶሻ ራስ መጀመሪያ ኮኮስ ተሰማ፤ 600 ኪሎ ሜትር አልፎ ማለት ነው። ከዚያ ጋላፓጎስ ተሰማ። ሦስት አገር፣ ሦስት ጥብቅ ክልል፣ አንድ ሻርክ። በመካከላቸው ያለው ባሕር ግን ያኔ ለአጥማጆች ክፍት ነበር። ረጅም ገመድ ላይ እልፍ መንጠቆ ሰክተው የሚጥሉ መርከቦች እዚያ ነው የሚሠሩት።

የጋላፓጎስ የጥበቃ ወሰን ከደሴቶቹ 40 የባሕር ማይል ነው፤ 74 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2016 በዎልፍና በጎረቤቷ በዳርዊን ደሴት ዙሪያ ማንኛውም ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። በጥር 2022 ደግሞ ኢኳዶር ሄርማንዳድ የሚባል 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ክልል ጨመረች። ግማሹ ወደ ኮስታ ሪካ ባሕር የሚዘረጋ፣ ምንም የማይጠመድበት መተላለፊያ ነው። በቀረው ግማሽ የመንጠቆ ገመድ መጣል ክልክል ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኮስታ ሪካም የኮኮስን ክልል አስፍታ ነበር። መስመሩን ያሰመረው የሻርኮቹ ታግ ብቻ ነው አልልም፤ ፖለቲካም ገንዘብም ነበረበት። ነገር ግን ካርታው ላይ በዚያ በኩል እንዲያልፍ ያደረገው ወደ ላይ ብቅ ከሚሉ እንስሳት ከሚገኘው የሳተላይት መረጃ ጋር ይኸው የዘበኛ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ መስመር ማስመር ቀላል ነው። ማን ያስከብረዋል?

ትክክል። በነሐሴ 2017 አንድ የቻይና ማቀዝቀዣ መርከብ ጋላፓጎስ ክልል ውስጥ ተያዘ፤ 300 ቶን ያህል ዓሣ ጭኖ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ከ6,000 በላይ ሻርኮች ተቆጠሩ። ሠራተኞቹ ታሰሩ። ታግ መርከብ አያቆምም። የሚያቆመው ጥበቃ ጀልባ፣ የመርከብ መከታተያና ፍርድ ቤት ነው። ለእኔ ለአዲስ መቀበያ ከሚመደብ ገንዘብ ጥቂቱ ለጀልባ ነዳጅ ቢሄድ አይቆጨኝም። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም።

ጥያቄ፦ መረጃውን አጥማጅ ቢያገኘውስ? የሻርኩን ቤት አሳያችሁት ማለት ነው።

ስጋቱ እውነት ነው። ለዚህ ነው ትኩስ መረጃ ብዙ ጊዜ የማይለጠፈው። መረጃ ወዲያው የሚልኩ መቀበያዎች ባሉበት በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ነገሩ ከመንግሥት በኩል መጣ። በ2014 ባሕር ዳርቻ አጠገብ ተደጋግሞ የተሰማ ታግ ያለው ነጭ ሻርክን ለመያዝ መንጠቆ ተጣለ። ለጥናት የተሰቀለ ታግ ለአደን ሲውል ማየት ያማል።

ጥያቄ፦ በእኛ አካባቢስ?

ቀይ ባሕር ላይ አለ። ሱዳን ውስጥ ዱንጎናብ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ማንታ ሬይ በሚባል ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ የድምፅም የሳተላይትም ታግ ተሠርቶበታል። ቦታው ሳንጋነብ ከሚባለው የሱዳን የኮራል ደሴት ጋር በ2016 ዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል።

ጣናን የጠየቃችሁም አላችሁ። ድምፅ ጨው የሌለው ውኃ ውስጥም ይሠራል፤ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ሰፊ የመቀበያ መረብ አለ። ጣና ላይ ቢሞከር እኔ የማስቀምጠው ጉማራና ርብ ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አፍ ላይ ነበር። የጣና ነጭ ዓሣዎች ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ የሚወጡት በዚያ ነው፤ መረብ የሚጠብቃቸውም በዚያው። ወንዙ ጠባብ ስለሆነ ሁለት መቀበያ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ እንደተመለሰ ይነግርሃል። ክረምት ላይ የሚወርደው ደለልና ጎርፍ ግን መሣሪያውን እንዳይወስደው ጠንካራ መልሕቅ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ወደዚህ ሥራ ለመግባት ዋና ልማር?

ዋና ጥሩ ነው፤ ስታትስቲክስ ይቀድማል። አር (R) የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም አሁኑኑ ጀምሪ፣ በነፃ ነው። ከሥራው አብዛኛው ወንበር ላይ ነው የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው፤ አልፎ አልፎ እጠልቃለሁ። ከባሕር ስር ጥቁር ሲሊንደር ገመድ ላይ ታስሮ ባይስ?

አትንካው፤ ተሰክቶ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ተጥሎ ካገኘኸው ግን አንሳው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንሣና ለአካባቢው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስጥ። እንዳትከፍተው፤ መረጃው ውስጡ ነው፣ ባትሪው ቢያልቅም አይጠፋም። ዓሣ ሲበለት ሆዱ ውስጥ የጣት ውፍረት ያለው ጠንካራ ነገር ካገኘህም ያው ነው። አንዳንዶቹ ለመላሹ ሽልማት አላቸው።