ቀሪው ዜሮ ሲሆን፦ የሒሳብ ዶክትሬት ለምታስቡ የወሎ ልጆች

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ።

ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልዲያም ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰኛል። «በሒሳብ ማስተርሴን ጨርሻለሁ። ዶክትሬት መሥራት እፈልጋለሁ። ግን በምን ርዕስ? ደግሞስ ከዚህ ተነስቶ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። በስልክ ስመልስ ነገሩ ይቆራረጥብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የምጽፈው ስለማውቀው መስክ ነው። ኢንቴግሬብል ሲስተምስና ስፔሻል ፖሊኖሚያሎች ይባላል። በትክክል ሊፈቱ የሚችሉ ኢኩዌሽኖችንና ከእነሱ ጋር የሚመጡ ፖሊኖሚያሎችን ያጠናል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከምክሩ በፊት አንድ ነገር አስሉልኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

ሁለት ፖሊኖሚያሎች እሰጣችኋለሁ። የመጀመሪያው ቁጥር 1 ነው። ሁለተኛው ዜድ ብቻ ነው። ቀጣዩ የሚገኘው እንዲህ ነው። መጨረሻ ላይ ያገኛችሁትን ፖሊኖሚያል ስኩዌር አድርጉና በዜድ አባዙት። ይህን ለብቻ አስቀምጡ። አሁን ያንኑ ፖሊኖሚያል በሁለተኛ ዴሪቬቲቩ አባዙ፤ ከዚያ ላይ የመጀመሪያ ዴሪቬቲቩን ስኩዌር ቀንሱ፤ የመጣውን በ4 አባዙ። ይህንን ቅድም ካስቀመጣችሁት ላይ ቀንሱ። በመጨረሻም ውጤቱን ከፊቱ ለነበረው ፖሊኖሚያል አካፍሉት።

ሦስተኛው «ዜድ ኪዩብ ሲደመር 4» ይሆናል። እዚህ ላይ ያካፈላችሁት ለ1 ስለሆነ ምንም አይገርምም። አራተኛው ላይ ለዜድ ታካፍላላችሁ። ቀሪ የለም። «ዜድ ፓወር 6፣ ሲደመር 20 ዜድ ኪዩብ፣ ሲቀነስ 80» ይወጣል። አምስተኛው ላይ ለ«ዜድ ኪዩብ ሲደመር 4» ታካፍላላችሁ። አሁንም ቀሪ የለም። ስድስተኛውም፣ ሰባተኛውም እንደዚሁ። ኮፊሸንቶቹም ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ናቸው።

እስቲ ቆም በሉና አስቡት። ሁለት ፖሊኖሚያሎች በዘፈቀደ ወስዳችሁ አንዱን ለሌላው ብታካፍሉ ቀሪ መትረፉ አይቀርም። እዚህ ግን የቱንም ያህል ብትሄዱ አይተርፍም። ለምን?

ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ብዙዎቻችሁ ርዕስ የምትፈልጉት ከርዕስ ዝርዝር ውስጥ ነው። የዶክትሬት ጥያቄ ግን ሲገኝ የማየው በስሌት ውስጥ ነው። ትንንሽ ምሳሌ በእጅ እየሠራችሁ ትሄዳላችሁ። የሆነ ቦታ ላይ መሆን የማይገባው ነገር እየሆነ ታገኙታላችሁ። ያኔ «ለምን?» የሚለው አልለቅ ይላችኋል። እሱን ያዙ። ከሦስትና ከአራት ዓመት ሥራ በኋላም የማይሰለቻችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ያሰላችኋቸው ፖሊኖሚያሎች የያብሎንስኪ እና ቮሮብየቭ ፖሊኖሚያሎች ይባላሉ። ሁለቱ የሶቪየት ዘመን ሒሳበኞች በ1959 እና በ1965 ያወጧቸው ናቸው። ለምን ያለ ቀሪ እንደሚካፈሉ ፖሊኖሚያሎቹን ብቻ እያያችሁ ብትታገሉ ትደክማላችሁ። ምክንያቱ ያለው ከኋላቸው በቆመው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ውስጥ ነው። በ1900 አካባቢ ፖል ፔንሌቬ የሚባል ፈረንሳዊ አንድ ጥያቄ አነሳ። ሊኒየር ያልሆኑ ሁለተኛ ኦርደር ኢኩዌሽኖች ውስጥ መፍትሔያቸው የማይበላሸው የትኞቹ ናቸው? የማይበላሽ ስል፣ ከመነሻ ሁኔታው ጋር ቦታ የሚቀያይሩት ሲንጉላሪቲዎች (መፍትሔው የሚሰናከልባቸው ነጥቦች) ፖል ብቻ የሚሆኑበት ማለቴ ነው። ፖል ማለት መፍትሔው፣ 1 ለዜድ ሲካፈል ዜሮ ላይ እንደሚሆነው፣ ወደ ኢንፊኒቲ የሚሄድበት ነጥብ ነው። እሱና ተከታዮቹ ሲያጣሩት፣ ቀድሞ በሚታወቁ ፈንክሽኖች የማይፈቱ ስድስት ኢኩዌሽኖች ቀሩ። የእኛ ፖሊኖሚያሎች የሁለተኛውን ኢኩዌሽን ራሽናል መፍትሔዎች የሚሰጡ ናቸው። መፍትሔው ፖል ብቻ ስላለው ፖሊኖሚያሉ ከመስመር እንዳይወጣ ይገደዳል። ቀሪው ዜሮ የሚሆነው በዚህ ነው። በነገራችን ላይ ፔንሌቬ በ1917 እና በ1925 የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ነበር። ሰው ግን ዛሬ የሚያነሳው በኢኩዌሽኖቹ ነው።

የፖሊኖሚያሎቹ ዲግሪ 1፣ 3፣ 6፣ 10 እያለ ይሄዳል። ሥሮቻቸውን በኮምፕሌክስ ፕሌን ላይ ነጥብ በነጥብ ብትስሉ ደግሞ የተስተካከለ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ጎኖቹ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ይህን ክላርክሰንና ማንስፊልድ በ2003 አሳትመውታል። ፖሊኖሚያሎቹ ከወጡ ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሥሮቹ እዚያው ነበሩ፤ ሥዕሉ ግን ቆየ። «ሁሉም ተሠርቶ አልቋል» ለሚሉኝ ልጆች ይህን ነው የምነግራቸው።

ስለ መስኩ ታሪክ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። በ1834 ጆን ስኮት ራስል የሚባል መሐንዲስ ኤዲንብራ አጠገብ ባለ ቦይ ላይ አንድ ብቸኛ ማዕበል ቅርጹን ሳይለቅ ሲጓዝ አየ። በፈረስ ተከተለው። ኮርተቬግና ደ ፍሪስ በ1895 ኢኩዌሽኑን ጻፉለት። በ1965 ዛቡስኪና ክሩስካል በኮምፒውተር ሲያሰሉ፣ ሁለት እንዲህ ያሉ ማዕበሎች ተጋጭተው እንደነበሩ ሆነው ሲወጡ አዩ። «ሶሊቶን» ብለው ሰየሟቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1967 ጋርድነር፣ ግሪን፣ ክሩስካልና ሚውራ ኢኩዌሽኑን የሚፈታ ዘዴ አገኙ። እዚህም ላይ መበታተን የነበረበት ነገር አልተበታተነም። መስኩ ሁሉ የቆመው «ለምን?» በሚለው ላይ ነው።

አንድ ሰው ላይ ግን ልቆይ። በተለይ ሴቶች ልጆቻችን ይህን አንብቡልኝ።

ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ ሩሲያዊት ነበረች። በርሊን ስትሄድ ዩኒቨርሲቲው ሴት አላስገባም አላት። ቫየርሽትራስ የተባለው ታላቅ የሒሳብ መምህር ለብቻዋ አስተማራት። በ1874 ከጎቲንገን ዶክትሬቷን አገኘች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚቀጥራት ዩኒቨርሲቲ ጠፋ። በመጨረሻ ስቶክሆልም ተቀበላት። በ1888 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማትን አሸነፈች። ሥራዋ ከፍተኛ ሆኖ በመገኘቱ የሽልማቱ ገንዘብ ከ3000 ወደ 5000 ፍራንክ ከፍ ተደርጎ ተሰጣት።

የሠራችው ስለ እንዝርት ነው ማለት ይቻላል። የከበደ አካል በአንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ሲሽከረከር እንቅስቃሴውን በቀመር መጻፍ ይቻላል? ኦይለርና ላግራንዥ እያንዳንዳቸው የሚቻልበትን አንድ ሁኔታ አግኝተው ነበር። እሷ ሦስተኛውን ጨመረች። ያገኘችበት መንገድ ነው ትልቁ ነገር። ጊዜን ኮምፕሌክስ ቁጥር አድርጋ ወሰደችና መፍትሔው ፖል ብቻ እንዲኖረው ምን ያስፈልጋል ብላ ጠየቀች። ከላይ የፔንሌቬን ጥያቄ ስትሰሙ ይህንኑ ሰማችሁ። እሷ ቀድማው ነበር። የሞተችው ገና በ41 ዓመቷ ነው። ከወሎ ገጠር ተነስታ ሒሳብ የምትወድ ልጅ አይቼ «ይህ ለሴት ይከብዳል» ሲሏት ስሰማ ያመኛል። ለሴት የሚከብደው መንገዱን የሚዘጋባት ሰው ነው። ወላጆችም፣ መምህራንም፣ እባካችሁ መንገዱን ልቀቁላቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ርዕስ ለመፈለግ አንድ በር ላሳያችሁ። ኦርቶጎናል ፖሊኖሚያሎችን በማስተርስ ሳትማሩ አልቀራችሁም። የኸርሚት ፖሊኖሚያሎች ዌይት (ኢንቴግራሉ ውስጥ አብሮ የሚባዛው ፈንክሽን) «ኢ» በኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ፓወር ነው። ሪከረንሳቸው (ቀጣዩን ፖሊኖሚያል ከቀደሙት ሁለት የሚሰጠው ቀመር) ውስጥ ያለው ኮፊሸንት፣ መሪ ኮፊሸንቱን 1 ካደረግነው፣ ለኤንኛው ኤን ሲካፈል ለ2 ነው። በጣም ቀላል። አሁን ኤክስ ስኩዌር የሚለውን ወደ ኤክስ ፓወር 4 ቀይሩት። ይህችን ብቻ። ኮፊሸንቱ ቀላል መሆኑ ይቀራል። አሁን ሕጉ እንዲህ ይሆናል፦ ኮፊሸንቱን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር ደምሩ፤ በራሱ አባዙ፤ በ4 አባዙ፤ ኤን ይመጣል። ይህች ኢኩዌሽን የፔንሌቬ የመጀመሪያ ኢኩዌሽን ዲስክሪት (በሙሉ ቁጥሮች ላይ ደረጃ በደረጃ የምትሄድ) እህት ናት። አያችሁ፣ ዌይቱን ትንሽ ስትነኩት ከተማሪ ቤት ሒሳብ ወደ ምርምር ሒሳብ ትሻገራላችሁ።

እስቲ አስሉት። ዜሮኛው 0 ነው። አንደኛው በግምት 0.337989 ነው። ከዚህ ሁለተኛው 0.4017፣ ሦስተኛው 0.5051፣ አራተኛው 0.5781 ይመጣል። ኤን ለ12 ተካፍሎ ስኩዌር ሩት ከሚሰጠው ጋር አወዳድሩት፤ ይቀራረባል። አሁን ደግሞ አንደኛውን 0.34 ብላችሁ ጀምሩ። ልዩነቷ ኢምንት ናት። ስድስተኛው ላይ ስትደርሱ ኔጌቲቭ ቁጥር ይመጣባችኋል። እነዚህ ኮፊሸንቶች ደግሞ ሁሉም ፖዘቲቭ መሆን አለባቸው። እስከ መጨረሻው ፖዘቲቭ ሆኖ የሚዘልቀው አንድ መነሻ ብቻ ነው። ይህ በጣም የሚያምር ነገር ነው። በዚህ ዙሪያ ሌሎች ዌይቶችን ወስዶ መጠየቅ፣ ሥሮቹ የት እንዳሉ መጠየቅ፣ ኤን ሲያድግ ምን እንደሚሆን መጠየቅ፣ ዛሬም የዶክትሬት ሥራ ይወጣዋል።

አማካሪ ስለ መምረጥ። ልጆች የዩኒቨርሲቲ ስም ያሳድዳሉ። በወሎ ግን ዕውቀት ፈላጊ ድሮም የሚሄደው ወደ ሰው ነበር። ደረሳው ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) ለመቅራት አንዱ ሼህ ዘንድ፣ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ለመቅራት ሌላው ዘንድ ስንቁን ይዞ ይሄዳል። የቅኔ ተማሪው ዋድላ ድረስ የሚጓዘው መምህሩን ፈልጎ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስም በ13ኛው መቶ ዘመን ተማሪ የሳበው አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ስላስተማሩ ነው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። በዚህ ሦስት ዓመት ውስጥ ምን ጻፈ? ተማሪዎቹ ጨርሰዋል ወይ? ለኢሜይል ይመልሳል ወይ? የቀድሞ ተማሪ ፈልጋችሁ ጠይቁ። ስም ያለው ግን የማይገኝ አማካሪ ዓመት ይበላባችኋል። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ።

እዚህ ሆኖ ይቻላል ወይ ላላችሁት፣ አብሽሩ፣ ይቻላል። ይህ መስክ ላቦራቶሪ አይፈልግም። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ሥራ አለው። አርካይቭ የሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ ከ1991 ጀምሮ ጽሑፎችን በነጻ ያቀርባል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በ2010 የከፈተው የፈንክሽኖች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም ነጻ ነው። ምዕራፍ 18 ስለ ኦርቶጎናል ፖሊኖሚያሎች፣ ምዕራፍ 32 ስለ ፔንሌቬ ነው። ኔት ሲኖር አውርዳችሁ አስቀምጡ። ለስሌት ሴጅ ወይም ሲምፓይ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ይበቃችኋል፤ ገንዘብ አይጠይቁም። ብቻ የመጀመሪያዎቹን አራትና አምስት ምሳሌዎች በእጃችሁ ሥሩ። ማሽኑ ቀሪው ዜሮ መሆኑን ይነግራችኋል፤ መደነቁ ግን በእጅ ሲሠራ ነው የሚመጣው።

የማይቻለው ብቻን መሆን ነው። ዶክትሬት ብቻውን የተቀመጠን ሰው ሲጥለው ነው ያየሁት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። ቡና እየተፈላ አንዱ ሰሌዳ ላይ ያስረዳ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዶክትሬት አለው። ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሳላም በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስት ከተማ ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል (ICTP) ከእኛ ዓይነት አገር ለሚመጡ ልጆች ወጪያቸውን ሸፍኖ የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል። በ2003 ደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋምም ሩዋንዳ ድረስ ቅርንጫፍ አለው። ማመልከቻ ሞልቶ መጠበቅ ነውር የለውም።

ቤተሰብን በሚመለከት አንድ ነገር። እናትና አባት «መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ታናናሽ ወንድምና እህት አለ፤ የቤት ኪራይ አለ። ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። ስንት ዓመት እንደሚወስድ፣ ስንት ብር እንደምታገኙ፣ ምን መላክ እንደምትችሉና እንደማትችሉ ሳትደብቁ ንገሯቸው። የወሎ ወላጅ ከተነገረው ይታገሳል፤ ዱዓውንም አይነፍግም።

ለአማካሪ የምትልኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ አጭር ይሁን። ስለ ራሳችሁ ሁለት መስመር ይበቃል። ከሥሩ ሁለት ገጽ ስሌት አያይዙ፤ በላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር) የተጻፈ። የሱን አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ምሳሌ ሠርታችሁ፣ «እዚህ ድረስ ደረስኩ፣ ይህ ግን ለምን እንደሚሆን አልገባኝም» በሉት። በሳምንት ውስጥ ካልመለሰ ተስፋ አትቁረጡ። ከወር በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱት፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። መላክ ከመጀመራችሁ በፊት እኔም እንዳየው ከፈለጋችሁ ስሌቱን ይዛችሁ ኑ።