ቀን ቀን ውኃ የማይጠጣው ውሻችን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አዘጋጆች። የምኖረው አዳማ ነው። ወደ 20 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ጠባቂ ውሻ አለን፤ ቀን ሰው ስለሚበዛ በሩ አጠገብ ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ጠዋት የምንቀዳለትን ውኃ ሳይነካው ይውልና ማታ ሲፈታ ግን ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ እንኳ ካልጠጣሁ ይላል። ልጄ ወተት እንስጠው ትላለች። ውሻ በቀን ምን ያህል ውኃ ይበቃዋል? ቀን የማይጠጣውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጤነኛ ውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውኃ በቀን ያስፈልገዋል ተብሎ ይገመታል። ለእርስዎ ውሻ ይህ ከ1 እስከ 1.2 ሊትር፣ ማለትም ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ያህል ነው። ይሁንና ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከአፉና ከሳንባው ውኃ ስለሚተን በአዳማ የበጋ ሙቀት ፍላጎቱ ከዚህ በእጅጉ ሊጨምር ይችላል።

ማታ በደንብ የሚጠጣ ከሆነ ችግሩ ያለው ከውሻው ሳይሆን ከውኃውና ከተቀመጠበት ቦታ ይመስለናል። ቀን በሰባት ሰዓት ገደማ ወጥተው ጣትዎን ውኃው ውስጥ ይንከሩ። ጠዋት የአጥሩ ጥላ ያረፈበት ቦታ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በብረት ሳህን ያለ ውኃም ፈጥኖ ይሞቃል፣ አቧራና ዝንብም ይገባበታል። ሰንሰለቱ ሳህኑ ድረስ መድረሱን፣ ውሻው ሲዞርም እንደማይደፋው አብረው ይመልከቱ። አፈ ሰፊ የሸክላ ድስት ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በማይለየው ቦታ ቢያኖሩለት ውኃው ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል፣ አይገለበጥምም። ውኃውን ጠዋትና እኩለ ቀን ላይ ይቀይሩ፤ ዕቃውንም በየቀኑ ይጠቡ። በእኛ እምነት ከሁሉም የሚሻለው ውሻው በዚህ ወቅት ቀኑን ሙሉ ታስሮ እንዳይውል ማድረግ ነው፤ የግድ ከሆነም ማሰሪያው ወደ ጥላው ይዛወር።

የሳፋውን ውኃ ከአጠገቡ ያርቁ፤ ሳሙናና በረኪና ሆዱን ይጎዳሉ። ለረጅም ጊዜ የተኛና አይጥ የሚደርስበት ውኃም ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ፣ ወደ ሰው የሚሻገር በሽታ ሊያስይዘው ይችላል። በበርሜል የሚያጠራቅሙ ከሆነ ክዳን ይኑረው። ወተቱን በተመለከተ፣ ብዙ ያደጉ ውሾች የወተትን ስኳር በሚገባ ስለማይፈጩ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ያም ያለውን ውኃ ያሳጣቸዋል። ጨውና ሽንኩርት ያለበት የወጥ ትራፊም አይስጡት፤ ጨው ያስጠማዋል፣ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያፈርሳል።

የሰውነቱ ፈሳሽ ማነሱን ለማወቅ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይንኩ። የጤነኛ ውሻ ድድ እርጥብና የሚያንሸራትት ነው፤ ደረቅና የሚጣበቅ ከሆነ ውኃ አንሶታል። በጣትዎ ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቀድሞ ቀለሙ መመለስ አለበት። የትከሻው ቆዳ ሲሳብ ቶሎ አለመመለሱም ምልክት ነው፤ ባረጀ ወይም በከሳ ውሻ ላይ ግን ይህ ያሳስታልና ድዱን ይመኑ። ድዱ እጅግ ቀልቶ፣ ለሃጩ ወፍሮ፣ የሚንገዳገድ ከሆነ ሙቀት መትቶታል፤ ወደ ጥላ ወስደው በረዶ ባልሆነ ቀዝቃዛ ውኃ እያራሱና እያራገቡ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ያድርሱት።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ውሻው ውኃ ለመጠጣት እየሞከረ መዋጥ ካቃተው፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ ወይም ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጅዎን ወደ አፉ አይስደዱ፤ ልጆችን አርቀው ሐኪም ይጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ይህን ሁሉ አስተካክለው፣ አየሩም ቀዝቅዞ እያለ ውሻው በቀን ከ2 ሊትር በላይ መጠጣቱን ከቀጠለ የኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ውኃውን አይከልክሉት፤ የሚቀዱለትንና የሚተርፈውን ለጥቂት ቀናት ለክተው ጽፈው ይዘው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።