«ኮምፒውተሩ አሁን ይሠራል» ያሉት ነገር

ጥያቄ፦ ለደንበኞች ሂሳብ እሠራለሁ። ማታ ሳላጠፋው የተውኩት ኮምፒውተር ሳልፈቅድለት አፕዴት አድርጎ አደረ። ጠዋት የሂሳብ ፕሮግራሜ አልከፍት አለ፤ የሦስት ወር ሥራዬም የለም። አሁን ኮምፒውተሩ ይሠራል። ግን የሚመጣው አፕዴት ሁሉ ከማሻሻል ይልቅ እያበላሸ ነው። ድርጅቱን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ከፍለው የገዙት ዕቃ ሌሊቱን ተለውጦ ሲጠብቅ ያበግናል።

መክሰስ ይቻላል። አንዲት የካሊፎርኒያ የጉዞ ወኪል ባለቤት ያልፈቀደችው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የሥራ ኮምፒውተሯን ስላበላሸባት ማይክሮሶፍትን ከስሳ 10,000 ዶላር ተፈርዶላታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ድርጅቱ ጥፋቱን ሳያምን ይግባኙን ትቶ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን ስልክ በሚያንቀራፍፍ አፕዴት ምክንያት አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ነገር ግን «ጥራቱ ወርዷል» የሚለው ቅሬታ፣ እውነት ቢሆንም፣ ብቻውን ክስ አይሆንም። ክስ የሚሆነው በዚህ ቀን፣ ይህ አፕዴት፣ ይህን ጉዳት አደረሰብኝ ሲሉ ነው።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። «ኮምፒውተሩ አሁን ይሠራል» ብለዋል። ማን አስተካከለው? እንዴት? ግምቴን ልንገርዎት፦ ባለሙያ ጋ ወስደው ፎርማት አስደርገውታል፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ሁሉም እንደ አዲስ ተጭኗል። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን ይሄው ነው። ሥራው ይቸኩላል፤ ኮምፒውተሩ ይጸዳል፤ ከዚያ ጠበቃ ይፈለጋል። እባክዎ፣ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው!

ዊንዶውስ ከሆነ፣ በአፕዴት ታሪኩ ውስጥ የተጫነው ነገር ከነቀኑ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ኬቢ (KB) ብሎ የሚጀምር መለያ ቁጥርም አለው። ከፎርማት በኋላ ያ ዝርዝር ከባዶ ይጀምራል። ያኔ የድርጅቱ ጠበቃ «ዲስኩ ያረጀ ነበር፣ ቫይረስ ነው፣ አፕዴቱ ሳያልቅ አጥፍታው ነው» ቢል በምን ይመልሳሉ? የጠፋው ፋይልም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 አንድ የዊንዶውስ 10 አፕዴት የሰዎችን ሰነድ ሲሰርዝ፣ ማይክሮሶፍት ስርጭቱን አቁሞ ፋይል የጠፋባቸውን «ኮምፒውተሩን በተቻለ መጠን አትጠቀሙበት» ነበር ያላቸው። አዲስ ሥራ በተጻፈበት ቁጥር የተሰረዘው ፋይል የመመለስ ዕድሉ ይጠባል። እርስዎ ግን እየሠሩበት ነው። ዛሬውኑ ያቁሙ።

ሌላም ዝም ያሉት ነገር አለ። ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ የፋይሎችዎ ቅጂ፣ ነበረዎት? ፍርድ ቤት ጉዳቱን ለመቀነስ ምን እንዳደረጉ መጠየቁ አይቀርም። የፕሮግራሙ ፈቃድስ በማን ስም ነው? ብዙ አገር የሸማቾች ሕግ የሚጠብቀው ለግል ጥቅም የገዛን ሰው ነው፤ እርስዎ ለሥራ ነው የሚጠቀሙበት። «እስማማለሁ» ብለው የተጫኑት ውልም ካሳውን ለፕሮግራሙ በከፈሉት ልክ ወስኖት ሊሆን ይችላል። ያ ገደብ ይጸናል ወይ የሚለው እንደየአገሩ ሕግ ነው፤ ስለዚህ ውሉን አትመው ለአካባቢዎ ጠበቃ ያሳዩ። ከዚያ በፊት ለድርጅቱ የንዴት ደብዳቤ እንዳይጽፉ። መዝገባቸው የጠፋባቸውን ደንበኞችዎንም እንዴት እንደሚያሳውቁ አብረው ይጠይቁት፤ ነገ እነሱ እርስዎን ሊጠይቁ ይችላሉ።

እስከዚያው ሰነድ ይሰብስቡ። የፕሮግራሙን ደረሰኝ፣ የሦስቱ ወር ሥራ የሚያወጣውን ዋጋ የሚያሳይ ውል፣ ያን ጠዋት በስልክዎ ያነሱት የስክሪን ፎቶ ካለ፣ ከባለሙያው ጋር የተጻጻፉትን መልእክት። ምንም አይሰርዙ። ባለሙያው ሲረከብ ምን እንዳየ፣ ምን እንዳደረገ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጽፎ ይፈርምልዎት። ዲስኩን ቀይሮት ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይደውሉለትና አሮጌውን እንዳይጥለው ይንገሩት።