ጠዋት አልታዘዝ ስለሚሉ ጣቶች፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ ዘጌ ናቸው። ጠዋት ሲነሱ የሁለቱም እጃቸው ጣቶች አልታዘዝ ይሏቸዋል፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ጎረቤት «ሪህ ነው፣ ሥጋ ይተዉ» ይላል። ከመድኃኒት ቤት በሰው የሚላክላቸው ስሙ የማይታወቅ ክኒን ያሽላቸዋል፤ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እዚሁ ባሕር ዳር ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ለዓመታት ኖሬያለሁ። እናቴና አጎቴም አለባቸው፤ የሦስታችንም ሕመም ግን የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ስለ ክኒኑ ልንገርሽ፤ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንዲህ ቶሎ የሚያሽል ክኒን ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል። እብጠቱን ያበርዳል። ያለ ክትትል ሲቆይ ግን ስኳርና ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። ለሳምንታት በየቀኑ ከወሰዱት ደግሞ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ስለዚህ «ጣዪው» አልልሽም። ማሸጊያውን ያዢና ቶሎ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው።

የእኔ ሕመም ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ይወጋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እጅ እኩል ነው የሚይዘው። የእጅ አንጓን፣ ጣቶች ከመዳፍ የሚገናኙበትን ቦታና የጣቶችን የመሃል መገጣጠሚያ ይወዳል። ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ሊጥ ማቡካት፣ አክንባሎ ማንሳት፣ የውኃ ጠርሙስ መክፈት አቃተኝ። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቤተሰብ ስንፍና ይመስለዋል። እባክሽ እናትሽን ስለ ድካም ጠይቂያቸው፣ ራሳቸው አይናገሩትም።

ይህ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካልተያዘ መገጣጠሚያውን ያበላሻል፤ የተጣመመ ጣት ደግሞ በክኒን አይቃናም። ራጅ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አርኤፍ የሚባለው የደም ምርመራም «የለም» ቢል በሽታው የለም ማለት አይደለም። እኔን በእግሬ ያቆመኝ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ከታዘዘላቸው ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፊላቸው። ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን አብሮ ይሰጣል፣ ጉበትና ደም በየጊዜው ይታያል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት አትወስደውም። ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

የእናቴ ጉልበት ሌላ ታሪክ ነው። እሷ ያለባት ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ ልም አጥንቱ እየሳሳ ሄዷል። ጠዋት ትንሽ ይይዛትና ከግማሽ ሰዓት በታች ይለቃታል። የሚብስባት ማታ፣ ደረጃ ስትወርድ ወይም ቅዳሴ ቆማ ስትመለስ ነው። ለእሷ ዋናው መድኃኒት የጭን ጡንቻዋ ሆነ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ ታደርጋለች፣ ጥቂት ይዛ ታወርዳለች፤ በየቀኑ። ዝቅተኛውን በርጩማ አነሳንባት፣ ቡናውን ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆና ታፈላለች። ክብደት መቀነስም ጉልበትን ያሳርፋል።

እውነተኛው ሪህ የአጎቴ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባል በደም ውስጥ ያለ ቆሻሻ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ጠጥሮ ይቀመጣል። ከድግስ ማግስት፣ ሌሊት፣ የእግሩ አውራ ጣት በአንዴ ቀይ ይሆናል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው ይጮኻል። ሴቶችን ወር አበባ ከመቆሙ በፊት እምብዛም አይነካም። ከዚያ በኋላ ሊመጣ ቢችልም፣ በየጠዋቱ ሁለቱን እጅ እኩል መያዝ የተለመደ ጠባዩ አይደለም። ስለዚህ የጎረቤቱን ፍርድ ቶሎ አትቀበዪ። ሪህ ቢሆንም እንኳ ቀይ ሥጋ፣ ጉበት፣ ቢራ ይቀነስ እንጂ ሽሮ አይከልከል። ጥራጥሬ ሪህ እንደሚያስነሳ አልታየም፤ ጿሚ እናት ሽሮ ተከልክላ ምን ልትበላ ነው?

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። ሽንት የሚያበዙት ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋሉ። ዳይክሎፊናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ግፊት፣ ኩላሊትና ጨጓራ ላይ ይከፋል፣ ዝም ብሎ የሚገዛ አይደለም።

ጠበሉን አታስቀሪ፤ መድኃኒቱም አብሮ ይሂድ። ያበጠ መገጣጠሚያ ግን ወጌሻ አይሸው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ከመጣ አንድ ቀንም ሳይታደር ሐኪም ጋር ይኬዳል፤ ኢንፌክሽን ከሆነ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ይበላል። ይህን የሚያነቡ ወላጆችም፦ ልጅ ጉሮሮውን ከታመመ በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ከዞረ «እድገት ነው» አትበሉ። የልብን በሮች (ቫልቮች) የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

እናትሽን መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይያቸው፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በሪፈር ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን ከመምጣታቸው በፊት አድርጊ። ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ተራ እስኪደርሳቸው እብጠቱ ሊቀንስ፣ ሐኪሙም ጣታቸውን ደህና ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ጠዋት እንደነቁ ሁለቱን እጅ ጎን ለጎን በስልክ ፎቶ ይነሱላቸው። ከነቁ በኋላ ጣቶቹ እስኪፍታቱ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀም ከሥሩ ይጻፍ።