ዕቁብ ሲደርስ ዕቃ ዕቃ ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፣ ባለቤቴ መምህር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። አምና ዕቁብ ሲደርሰኝ ሶፋ ለወጥኩ። ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ግን እንደ ድሮው ሶፋ ሆነብኝ። አሁን ደግሞ ዕቁቡ ሊደርሰኝ ነውና ልቤ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ነው። ባለቤቴ «ለክፉ ቀን እናስቀምጠው» ይላል። እህቴ «ብሩ እየወረደ ነው፣ ዕቃ ግዢበት» ትለኛለች። ደመወዛችን ከአስቤዛ አያልፍም፣ ሱቅ ዱቤ አለብን፤ እንዲህም ሆኖ ዕቃ ዕቃ ይለኛል። ምን ሆኜ ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ ምንም አልሆንሽም እህቴ። ኑሮ ሲከብድ ዕቃ የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። ቦታ ገዝቶ ቤት መሥራት ከአቅም በላይ ሲሆን እጅ የሚደርሰው ሶፋና ቴሌቪዥን ጋ ነው። ለዓመታት ስትለፊ ቆይተሽ «ይኸው፣ አንድ ነገር አደረግኩ» የምትዪበት ነገር መፈለግሽ ነውር የለውም።

ሶፋው ቶሎ የተለመደው ግን ሶፋው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሰው አዲስ ነገር ይለምዳል። አሜሪካ ውስጥ በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ባለሎተሪዎቹ ከሌሎቹ ይህን ያህል የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ቁርስ እንደ መብላት፣ ከጓደኛ ጋር እንደ ማውራት ያሉ ተራ ነገሮች የሚሰጧቸው ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ይህን ሰምቶ «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» የሚል ሰው ያናድደኛል። የቤት ኪራይ ቀን ሲመጣ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ፊት ይህ አይባልም! ደግሞም እውነት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣና በስዊድን ብዙ ባለሎተሪዎች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት ገንዘቡን ያገኙት ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ መጨመሩን፣ ከአሥር ዓመት በኋላም አለመጥፋቱን አሳይቷል። በተለይ የጨመረው ስለ ገንዘብ ሁኔታቸው የነበራቸው እርካታ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ገንዘብ ደስ የሚያሰኘው ጭንቀት ሲያነሳልሽ እንደሆነ ነው። ሳሎን ውስጥ የቆመ ዕቃ ይህን አያደርግልሽም።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም የተናገረችው ግማሹ ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊትም የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ ዋጋ ለዓመታት ከዚያ በላይ ሲጨምር ነው የኖረው። ስለዚህ ብር ዝም ብሎ ባንክ ሲቀመጥ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። ዕቃ ግዢ ማለቷ ከዚህ የመጣ ነው። ቴሌቪዥን ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ከሱቅ በወጣ ማግስት አሮጌ ነው፣ ብትሸጪውም የገዛሽበትን አታገኚም። ቤት የሚገባ ዕቃ ማለት ጤፍና በርበሬ ነው፣ ዘይት ነው፣ ሳይበላሽ ለመያዝ በምትችዪው መጠን። አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲገባ፣ ከኅዳር በኋላ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ስለሚረግብ ቢቻል ያን ጠብቂ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የሱቁን ዱቤ እዘጋ ነበር። ባለሱቁን በሌላ መንገድ ዞረሽ የምታልፊበትን ቀን አስቢው፤ ያ ሲቀር ነው ዕረፍት የሚገባሽ። ቀጥሎ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ። ከተረፈ ለባለቤትሽ ሐሳብ ትንሽ ብር ለድንገተኛ ሕመም ይቀመጥ፣ ዋጋው ቢወርድም፤ ማታ ሐኪም ቤት ለመሄድ ጤፍ አይመነዘርም። ቴሌቪዥኑን ፈጽመሽ ተዪው አልልሽም። ያለው ከሠራ ግን ይቆይ። ጎረቤት ቤት ገብተሽ ስትወጪ ነው ወይስ ራስሽ ቤት ቁጭ ብለሽ የሚያምርሽ? እሱን ለራስሽ መልሺ።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመት ሊሞላት ነው። የክፍል ጓደኞቿ ልደታቸውን ሆቴል ነው የሚያከብሩት። ተበድሬም ቢሆን ላድርግላት ብዬ አስባለሁ፣ ከሌሎቹ እንዳታንስ።
አባት፣ ከሀይቅ ዳር

መልስ፦ አትበደር ወንድሜ። ለአንድ ከሰዓት ብለህ ወራት የምትከፍለው ዕዳ ለእሷም ይተርፋል፤ ልጅ የአባቷን ፊት ታነባለች። ሦስት አራት ጓደኞቿን ጥራና ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውሰዳቸው። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ፣ ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ሲዘሉ ያዩ ልጆች ቤት ገብተው ያንን ነው የሚያወሩት። ዓሣ ጥብስ ብሉ፣ ኬኩ ቤት ይጋገር። ጦጣ ቀምቶ እንዳይሮጥ ብቻ ምግቡን ከልጆቹ እጅ አርቀህ ያዝ፣ ወደ ውኃውም ብቻቸውን አይጠጉ።