ጤና አዳም ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ሕፃን

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆነሽ አማትሽ በየቡናው ጤና አዳም እንደሚያደርጉልሽ፣ ልጁ ሲወለድም ለቁርጠት ጭማቂውን እንድታጠጪው እንደሚመክሩሽ ጽፈሽ «ችግር አለው ወይ?» ብለሻል። ቡናሽን ያለ ጤና አዳም ጠጪ፣ ለሕፃኑ ደግሞ በፍጹም አትስጪው።

ይህን የምልሽ ጤና አዳምን ጠልቼ አይደለም። ያደግኩበት ቤት ጓሮ ከበሶብላው አጠገብ ሁልጊዜ ነበር። ቡና ሲፈላ «ጫፍ ጫፉን ቀንጥበሽ አምጪ» እባላለሁ። ፍሬው በርበሬ ውስጥ ይገባል፣ ቅጠሉ አይብ ላይ ይደረጋል። ሆድ ሲቆርጥ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ ይጠጣል፣ ጉንፋን የያዘው ያሸተዋል፣ ለቡዳም ልጅ አንገት ላይ ይታሰር ነበር። ዛሬም ሜሪላንድ በረንዳዬ ላይ አለ።

ጉልበቱን ያወቅኩት ግን እዚሁ ነው። የዛሬ አራት ዓመት በሐምሌ ጠራራ ፀሐይ፣ እጅጌ በሌለው ልብስ፣ ቁጥቋጦውን ቁጭ ብዬ ከረከምኩት። የዚያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ ክንዴን ይለበልበኝ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ የነካኝ ቦታ ሁሉ፣ የጋለ ዘይት የተረጨብኝ ይመስል፣ መስመር መስመር ሠርቶ ውሃ ቋጠረ። የቆዳ ሐኪሟ ገና እንዳየችኝ «ምን ተክል ነክተሽ ፀሐይ ላይ ቆየሽ?» አለችኝ። ጥቁር ምልክቱ እስከ ገና አልለቀቀኝም። ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ እንዳሉ የፀሐይ ጨረር ካገኛቸው ያቃጥላሉ። አለርጂ ስላልሆነ ማንንም ያገኛል፣ ላብ ካለ ደግሞ ይብሳል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል። እዚህ አትክልት መሸጫ «ሩ» ተብሎ የሚሸጠው የቅርብ ዘመዱ ነው፣ ጠባዩም ያው ነው። እንግዲህ አስቢው፤ እኛ ሕፃን ቀባብተን ጠዋት ፀሐይ የምናሞቅ ሰዎች ነን። ጤና አዳም የታሸበት ገላ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ምን እንደሚሆን እኔ በክንዴ አይቼዋለሁ።

ወደ እርግዝናው ስመለስ፣ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማሕፀን ያኮማትራል። በብዙ አገር ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጣ ኖሯል፤ በዚሁ ሰበብ ጉበታቸውና ኩላሊታቸው የተጎዳ፣ ሕይወታቸውም ያለፈ ሴቶች አሉ። ስኒ ውስጥ የምትነከር አንዲት ጫፍና ተጨምቆ የሚጠጣ ብርጭቆ አንድ አይደሉምና እስካሁን የጠጣሽው አያስደንግጥሽ። ግን «ነፍሰ ጡር ይህን ያህል ብትወስድ አይጎዳትም» ተብሎ የተለካ መጠን የለውም። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ለሐኪምሽ ንገሪ።

የሕፃኑ ነገር ከዚህም ይከብዳል። የቅጠሉ ጉልበት ከተክል ተክል ይለያያል፤ ሦስት አራት ኪሎ ለሚመዝን ገላ ስንት ጠብታ እንደሚበዛበት በምን ትለኪዋለሽ? እስከ 6 ወር ድረስ ከጡት ሌላ ውሃም እንኳ አይሰጠውም። ቁርጠት የምንለው ለቅሶ ብዙውን ጊዜ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታና በ3 ወይም በ4 ወሩ በራሱ ይተወዋል። እናቶቻችን «ጤና አዳሙ አዳነው» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። የእኔን ልጅ የጠቀመው ከጠባ በኋላ ማስገሳቱ፣ ከዚያም ክንዴ ላይ በሆዱ አስተኝቼ ቀስ እያልኩ መዞሬ ነበር። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ወይም አልጠባም ካለ ግን ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

አማትሽን አትጋፊያቸው፤ እሳቸውም ለልጅ ልጃቸው ብለው ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል» በያቸው፣ ይገባቸዋል። ጤና አዳሙን በእሳቸው ስኒ ያድርጉት፤ አጠገባቸው ከተቀመጥሽ ሽታው ለአንቺም ይደርስሻል።