መልስ፦ የድሮ እንግሊዝኛ የሐዘን ቃላትን ሁሉ «አዘነ» ልበል?

ሰላም ወንድሜ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ትርጉምህ «ሜላንኮሊ»፣ «ክረስትፎለን»፣ «ዎቢጎን» እና «ስፕሊን»ን ሁሉ «አዘነ» ብል ምን ችግር አለው ብለሃል። ጸሐፊው ለያይቶ ያስቀመጠውን ትጨፈልቅበታለህ።

«ሜላንኮሊ» በግሪክኛ «ጥቁር ሐሞት» ማለት ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ይህ ፈሳሽ ሲበዛ ሰው ይተክዛል ይሉ ነበር። ውሎ የሚያድር፣ ሰበቡ በግልጽ የማይታይ ሐዘን ስለሆነ «ትካዜ» በደንብ ይይዘዋል። ሐሞትን ግን ወደ ትርጉሙ አታስገባ። በእኛ ሐሞት ወኔ ነው፤ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ካልክ ሰውየውን ፈሪ አደረግከው።

«ክረስት» የአውራ ዶሮ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነው፤ «ፎለን» ደግሞ የወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ «ክረስትፎለን» የሚባለው ተስፋ አድርጎ ወይም ኮርቶ የነበረ ሰው ሳይሳካለት ሲቀር ብቻ ነው፤ «ቅስሙ ተሰበረ» ወይም «ኩምሽሽ አለ» በለው። ለሞት ሐዘን አይሆንም።

«ዎቢጎን» መልክን ይገልጻል፦ «ፊቱ ላይ ሐዘን ያጠላበት»።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ስፕሊን» ላይ ነው። ቃሉ ጣፊያ ማለት ሲሆን ዛሬ ንዴትን ያመለክታል፤ በዚያ ዘመን ግን ድብርትም ነበር። ገጸ ባሕርዩ ክፍሉን ዘግቶ ከተቀመጠ «ድብርት»፣ ሰው ላይ ከጮኸ «ንዴት» በል።